መንገዱን ጨርቅ ያርግልህ

ሆልዮክ፣ ማሳቹሴትስ፣ ከወንዙ መታጠፊያ፣
ያሮጌ ልብስ ተራራ፣ የወረቀት መሥሪያ።
ከጧት እስከ ማታ ቆማ ከመደቡ
እናቱ ጨርቅ ትለያለች፣ ልብሱን ከነሰበቡ፦
የሟች ሸሚዝ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሕፃን መጠቅለያ፤
ቁልፉን በቢላ ፈልቅቃ ትጥለዋለች ወዲያ።
ብናኙ ደረቷን ከያዘው ቆይቷል፤
ስትስቅ እንኳ ያስላታል።

የወደቀውን ቁልፍ ለቃቅሞ ልጇ ቴዎፊል
ከቦዩ ማዶ ባልዲ ላይ ሲወረውር ይውል፤
የአጥንት ቁልፍ፣ የቀንድ ቁልፍ፣ ነሐሱ የወታደር፣
ነፋስ ሲያገኘው እያንዳንዱ በጠባዩ ሲበር።
እዚያ ነው የተማራት ያቺን ውርወራ፦
ቀጥ ብላ ትመጣና፣
ደጃፍ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን እንደሚለውጥ እንግዳ፣
እጥፍ። መቺው ከነዱላው፣ ባዶ ሜዳ።

በሃያ ዓመቱ የከተማው ቡድን ሰው ላከበት፦
"በወር ስልሳ ዶላር። ጫማ ከራስህ።"
ጨርቄን ማቄን አላለም።
እናቱ እጇን በሽርጧ ጠርጋ በሩ ድረስ ሸኘችው፤
በኛ አፍ ቢሆን ኖሮ "መንገዱን ጨርቅ ያርግልህ" ባለችው።
እሷ ግን ጨርቅን ታውቃለች፣ መጨረሻውን፤
ዝም ብላ ቆለፈችለት የሰፋችለትን ሸሚዝ፣ አንገቱን።

ግንቦት ላይ፣ በመጀመሪያው ቀን፣
ዐሥራ አንድ ሰዎች ዱላቸውን ለነፋስ አጎረሱ፤
ሴቶቹ ዣንጥላ አጥፈው ከሳሩ ላይ ተነሡ።
አጥር ላይ የተንጠለጠሉ ልጆች አፋቸው አልቻለውም የስሙን ርዝመት፤
ላሞንታኝ ነበር፣ "ላሞንት! ላሞንት!" አሉት።

ሐሙስ ወረወረ፤ አርብ ወረወረ፤ ቅዳሜ ሁለቴ።
"ሌላ ወርዋሪ?" አለ ባለቤቱ፣ ከሰል ነጋዴው ዊትኮም፣
"ሌላ ደመወዝ ሊወጣ ነው ከቤቴ?"
ሐምሌ ሲገባ ክርኑ አበጠ፣ ማንኪያ ማንሣት አቃተው፤
ከዓሣ ሻጩ የተረፈ በረዶ ለምኖ፣ ሽታውን ታግሦ አሰረው።
ተቀባዩ ሺሃን፣ ጣቶቹ እንደ ፈረሰ አጥር፣
አጠገቡ ተቀመጠና "ስንት ቀርቶሃል?" አለው በምስጢር።
"ቆጥሬ አላውቅም።"
"ቁጠር እንጂ። ክንድ ደመወዝ አይደለም፣
ቅዳሜ ቅዳሜ አይመጣም።"

ነሐሴ። ስድስተኛው ዙር። ሙቀቱ ሜዳውን ያንቀጠቅጠዋል።
ክንዱን ወደ ኋላ ሳበ፤ ድምፅ ሰማ፦
ጨርቅ ሲቀደድ።
ከልጅነቱ የሚያውቀው ድምፅ ነው፤ ዘወር ብሎ እጅጌውን አየ።
ስፌቱ ደህና ነበር።
ኳሷ ከዘንቢል እንዳመለጠች ሽንኩርት ተንከባለለች፣
መቺው እግር ሥር ደርሳ ቆመች።
ማንም አልሳቀም። የከፋው እሱ ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ጨዋታ። ሰባቱን ረታ፣ በቀረው ተረታ።
ዊትኮም የጠፉ ሦስት ኳሶች ዋጋ ከሒሳቡ ቀነሰና
ሊሰናበተው እጁን ዘረጋ።
ቴዎፊል ግራውን ሰጠው።
ከዚያ ሠላሳ ዓመት፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ በዚያው በግራው፣
ገንዳ አማሰለ።

ሸሚዙን ሚስቱ ኦሬሊ ለጨርቅ ለቃሚ ሰጠችው፣ በአንድ የመጥበሻ ክዳን፤
ጋሪው ዞሮ ዞሮ እናቱ መደብ ላይ ዘረገፈው አንድ ቀን።
አሮጊቷ የገዛ ስፌቷን አወቀችው።
ቁልፎቹን ፈልቅቃ ኪሷ ከተተች፤
የቀረውን ቆራርጣ ወደ ገንዳው ለቀቀች።
ልጇ አማሰለው፣ ሳያውቀው።

ጋዜጣው ከዚህ ሁሉ አንድ መስመር ብቻ ያውቃል፦
"ላሞንት፣ ወርዋሪ።" ሌላው የኔ ነው፣ አልዋሽም።
ወረቀቱም የእንጨት ነው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል፣
ግማሽ ስሙ ጣቴ ላይ ይቀራል።

የጨርቅ ወረቀት ግን አይጠወልግም።
ያ ሸሚዝ ዛሬም አንድ መሳቢያ ውስጥ ነጭ ነው፤
የብድር ውል ነው፣ ወይ የሠርግ ጥሪ፣ ወይ ይቅርታ፤
አንዱ መስመሩን ሳይስት ቀጥ አድርጎ ጽፎ፣ ጽፎ፣
መጨረሻው ላይ አጥፎ
ልኮታል።